በስማችን የሚወስን ርዕሰ አንቀጽ

ምርጫ በመጣ ቁጥር ርዕሰ አንቀጽ ማንበብ ያደክመኛል። ድምፄን ገና ሳልሰጥ «ሕዝቡ ውሳኔውን አሳውቋል» ይለኛል። «ሁሉም እንደሚያውቀው» ብሎ ይጀምርና እኔም ጎረቤቴም የማናውቀውን ነገር እንደተጨበጠ እውነት ጠቅሶት ያልፋል። ማን አለ? «አንዳንድ ወገኖች»። የት? «በአንዳንድ አካባቢዎች»። ከዚያ በላይ የጠየቀ ሰው ከሕዝብ የተለየ ይመስላል።

በ1997ቱ ምርጫ ይህ ምሬት የብዙዎቻችን ነበር። በ1985 የወጣው የፕሬስ አዋጅ ሳንሱርን ካስቀረ ወዲህ ጋዜጣ እንደዚያ ሰሞን የተፈለገበትን ጊዜ አላስታውስም። አራት ኪሎና ፒያሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣ እየተከራየን እናነብ ነበር። የመንግሥቱን አዲስ ዘመን አንብበን ስንመልስ የግሎቹን እንቀበላለን። አቋማቸው ሰማይና ምድር ነው፤ የማሳመኛ ዘዴያቸው ግን አንድ ነበር። በአንዱ ወገን ጸረ-ሰላም፣ ጸረ-ልማት፣ የደርግ ናፋቂ፤ በሌላው ወገን ባንዳ፣ ከፋፋይ፣ ሀገር ሻጭ። ስም አንዴ ከተለጠፈበት ወዲያ፣ ሰውዬው ምን ሐሳብ ይዞ እንደመጣ የሚጠይቅ አይኖርም።

የመሬትን ጉዳይ ልውሰድ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። በዚያ ምርጫ ገዢው ፓርቲ ኢሕአዴግ ይህ እንዲጸና፣ ተቃዋሚው ቅንጅት ደግሞ የግል ይዞታ እንዲፈቀድ ይከራከሩ ነበር። አብዛኛው ሕዝብ በእርሻ በሚተዳደርበት ሀገር ከዚህ የበለጠ የምርጫ ጥያቄ ከየት ይመጣል? ዝናብ የቀረበት ገበሬ ማሳውን በርካሽ ሸጦ እንዳይሰደድ ምን ይደረጋል? መሸጥ ካልቻለ ደግሞ የአካባቢው ሹም ቢነጥቀው ለማን ይጮኻል? ሳያስይዘው ከባንክ በምን ይበደራል? እኛ ይህን ለማወቅ ጓጉተን ነበር። አንዱ ርዕሰ አንቀጽ ገበሬው ተፈናቅሎ ከተማ ለልመና ይወርዳል ሲል፣ ሌላው ገበሬው የመንግሥት ጭሰኛ ሆኗል ይላል። በሁለቱም ስጋት ውስጥ እውነት ነበረ። እያንዳንዱ ግን የራሱን ግማሽ እያጮኸ የሌላውን ግማሽ ደበቀን። በቴሌቪዥን የተላለፉት የፓርቲዎች ክርክሮች ስንት ጊዜ ከርዕሰ አንቀጾቹ የተሻለ አስተምረውናል!

ከሁሉም የከፋው ማስፈራራት ነው። በዚያ ቅስቀሳ የገዢው ፓርቲ ባለሥልጣናት ተቃዋሚዎችን ከሩዋንዳው ዘር አጥፊ ቡድን ከኢንተርሃምዌ ጋር ማመሳሰላቸው ይታወሳል። እንዲህ ያለው ንግግር ወደ ጋዜጣ ሲገባ የሚታመን ጥናት ይመስላል። የተፈራ ሰው አያመዛዝንም፤ ከፈራው ነገር ለማምለጥ ብቻ ካርዱን ይጥላል። ተቃዋሚውን የሚደግፈውም ጋዜጣ «ይህ የመጨረሻው ዕድል ነው» እያለ በዚያው መንገድ ሄደ። ለምንደግፈው ድምፅ ሰጥተን፣ ባልመረጥነው ላይ ደግሞ ጥላቻ ይዘን ወደ ቤታችን ገባን። ከግንቦት 7ቱ ምርጫ በኋላ በተነሣው ተቃውሞ በሰኔና በጥቅምት የፈሰሰው ደም የጋዜጦች ሥራ ነው አልልም፤ የተኮሰው መሣሪያ የያዘው ነው። ጋዜጠኞችን እስር ቤት ያስገባውንም ክስ የሚደግፍ ቃል ከእኔ አይወጣም። መጥፎ ርዕሰ አንቀጽ የሚታረመው በተሻለ ርዕሰ አንቀጽ እንጂ በእስር አይደለም።

ዓድዋም በየምርጫው ይጠራል። አባቶቻችን በ1888 የከፈሉት ዋጋ የአንድ ፓርቲ የድጋፍ ደብዳቤ ሲሆን ማየት ያሳዝናል። ምሳሌያዊ ንግግሩም በማስረጃ ቦታ ይገባል፤ ለአንዱ የሚስማማ ተረት ሲገኝ ለሌላውም የሚስማማ አይጠፋም።

ዛሬ የሚታተሙት ጋዜጦች ጥቂት ናቸው፤ ልማዱ ግን ወደ ፌስቡክና ዩቲዩብ ተሻግሮ ብሷል። ስለዚህ ርዕሰ አንቀጽ የምትጽፉ ወገኖቼን እለምናለሁ። አቋም መያዝ መብታችሁ ነው፤ የምትደግፉትን በግልጽ ንገሩን። የፓርቲውን ማኒፌስቶ ገጹን ጠቅሳችሁ አሳዩን፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣም ጠይቁልን። የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ መከራከሪያ ሳትቆርጡ አስቀምጡና ከዚያ በኋላ መልሱለት። ፍርዱን ለመራጩ ተዉለት።