ባለ 55 ኢንች ለገዛ ሰው የሚሰጥ ምክር

እንኳን ደስ ያለዎት! ባለ 55 ኢንች ስማርት ቴሌቪዥን ገዝተዋል። የዕቁብዎን ዕጣ ከቁጠባዎ ደምረው፣ የጎደለውን ከወንድምዎ ተበድረው፣ «ኧረ አይጋደምም፣ በቁሙ ነው የሚሄደው!» እያሉ ከሚኒባሱ ረዳት ጋር ሲጨቃጨቁ ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር አድርሰውታል። ጎረቤት መጥቶ መርቋል፤ እናትዎ ዳንቴል አልብሰውታል። የቀረዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳይበላሽ ማድረግ።

ምክሮቼን አንድ በአንድ ከፈጸሙ ቴሌቪዥኑ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ከተበላሸ ግን ጥፋቱ የእርስዎ ነው። በዚህ ነጥብ ከአሁኑ ብንግባባ ጥሩ ነው፤ አምራቹም፣ ሻጩም፣ መብራት ኃይልም ከተግባቡበት ቆይተዋል።

በመጀመሪያ የገዙትን ዕቃ ይወቁ። እርስዎ የገዙ የመሰለዎት ስክሪን ነው። እውነትም ባለ 4ኬ ከሆነ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች ተደርድረውበታል። የእነዚህ ሁሉ ነፍስ ግን የተንጠለጠለችው ከጀርባ በተደበቀ ፓወር ቦርድ ላይ ነው። ቦርዱ ላይ ጣት የሚያካክሉ ካፓሲተሮች አሉ። በውስጣቸው ፈሳሽ አለ፤ ፈሳሹ በሙቀት ቀስ በቀስ ይደርቃል። የሙያው ሰዎች እንደሚያሰሉት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የካፓሲተሩ ዕድሜ እጥፍ ይሆናል፤ በጨመረ ቁጥር ደግሞ በግማሽ ያጥራል። ሲያረጅ አናቱ ያብጣል። ያን ጊዜ ሪሞቱን ሲጫኑ ቴሌቪዥኑ «ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ» ይላል፤ ቀይ መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ሥዕል የለም። 8 ሚሊዮኑ ነጥብ ደህና ነው፤ የሞተው የጥቂት ብር ዕቃ ነው።

ይህ በደቡብ ጎንደር ሰው ላይ ብቻ የወረደ መዓት አይደለም። ሳምሰንግ ከ2006 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በሸጣቸው አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ካፓሲተር የተነሳ በአሜሪካ ተከሶ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. በስምምነት ጨርሷል። የአውሮፓ ኅብረትም ከመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምራቾች ለጥገና ባለሙያዎች መለዋወጫ ቢያንስ ለ7 ዓመት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ከዝርዝሩ ውስጥ የኃይል ክፍሉና ካፓሲተሩ በስማቸው ተጠቅሰዋል። ሕግ አውጪ ተሰብስቦ ካፓሲተርን በስም የጠራው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ስለዚህ ሲገዙ ጠመንጃ መፍቻ ይዘው ይሂዱ። ካፓሲተሮች ላይ የሚችሉት ሙቀት ተጽፏል፤ አንዳንዱ 85 ዲግሪ ይላል፣ የተሻለው 105። ባለሱቁ ፊት ካርቶኑን ቀደው፣ ጀርባውን ፈተው፣ መነጽርዎን አድርገው ያንብቡ። ባለሱቁ ደስ ይለዋል። ይህን ሳያደርጉ ኢንች ብቻ ጠይቀው፣ «ቀጭን ነው አይደል?» ብለው ገዝተው ከሆነ ግን ፋብሪካው ምን ያድርግ? ቀጭን አሉ፤ አቀጠነልዎት። ሙቀቱም ከካፓሲተሩ ጋር ተቃቅፎ ቀረ።

ቀጥሎ ከፍታዎን ይወቁ። አንዳንድ የቻይና ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ላይ የተራራ ሥዕልና «2000 ሜትር» የሚል ምልክት አለ። ዕቃው ለደኅንነት የተፈተሸው ከዚያ በታች ላለ ቦታ ነው ማለት ነው። አየር ሲሳሳ ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ብልጭታም ከአንዱ ሽቦ ወደ ሌላው ለመዝለል ይቀለዋል። ደብረ ታቦር ያለችው ወደ 2,700 ሜትር ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከጉና ግርጌ ያሉትንማ ተዋቸው፤ እነሱ ተራራውን እንጂ መመሪያውን አላነበቡም።

ታዛዥ ሸማች ከሆኑ መፍትሔው ቅርብ ነው። ወረታ ከ2,000 ሜትር በታች ናት። ቴሌቪዥኑን እዚያ ዘመድ ቤት ያስቀምጡ፤ እርስዎ ደብረ ታቦር ይኑሩ። ዜና ሲያምርዎት በሚኒባስ ቁልቁል ወርደው፣ አይተው፣ የፎገራ ሩዝ ገዝተው ይመለሳሉ። ይህ የማይመችዎት ከሆነ ቢያንስ ቴሌቪዥኑን ከቡፌው ጉድጓድ ያውጡት፤ ከጀርባውና ከላዩ አየር የሚያልፍበት ቦታ ይተዉለት። ዳንቴሉንም ያውልቁ። ለእናትዎ ራስዎ እንዳይነግሩ፤ ሽማግሌ ይላኩ። የቡናው ከሰልም ከሥሩ ይራቅ፤ እጣኑ ለቤቱ እንጂ ለፓወር ቦርዱ አልታዘዘም።

ሦስተኛው ምክር ስለ ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይስባል፤ በዚያ ኃይል የእርስዎን የመሰለ ከሃያ በላይ ቴሌቪዥን ይበራል። አመሻሽ ላይ ሠፈሩ ሁሉ ሲጋግር ቮልቴጁ ይወርዳል፣ አምፖሉ ይቀላል። የቴሌቪዥንዎ ጀርባ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» ስለሚል ሥዕሉ አይጠፋም፤ ግን የሚፈልገውን ኃይል ለማግኘት የጎደለውን ቮልት በተጨማሪ ከረንት ይተካዋል። ከረንት ሲበዛ ደግሞ ሙቀት ይበዛል። በአጭሩ፣ ጎረቤትዎ እንጀራ በጋገሩ ቁጥር የእርስዎ ካፓሲተር ያረጃል። በበዓል ዋዜማማ አይጠየቅም፤ ሁሉም ምጣድ የሚጣደው የበዓሉ ዝግጅት በቴሌቪዥን በሚጀምርበት ሰዓት ነው። ጉዳዩን በዕድር ስብሰባ አጀንዳ ያስይዙ። «ከዜና በፊት ባትጋግሩ» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። ከዕድሩ ቢወገዱ የቴሌቪዥኑ ዕድሜ ይክስዎታል።

መብራት ሲሄድ አይዘኑ። ያን ጊዜ ቴሌቪዥንዎ ከምንጊዜውም በላይ ሰላም ነው። የሚፈራው ሲመጣ ነው። አንዴ ብልጭ ብሎ፣ ጠፍቶ፣ ተመልሶ ሲመጣ ቮልቴጁ ሳይረጋጋ ይገባል። ከሁሉ የከፋው የኒውትራል መላላት ነው። ከምሰሶው የሚመጣው የኒውትራል ሽቦ ከተበጠሰ 220 ቮልት የለመደ ቤት እስከ 380 ሊገባበት ይችላል። ምልክቱ አንዱ ቤት አምፖሉ ሲደምቅ ሌላው ቤት መፍዘዙ ነው። አምፖልዎ በድንገት ከደመቀ ደስ አይበልዎት፤ ይሩጡ።

አገሩ ኃይል አጥቶ እንዳይመስልዎት። ከጣና ውኃ የሚያመነጨው ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. በ460 ሜጋ ዋት ተመርቋል፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በ5,150 ሜጋ ዋት። ቴሌቪዥንዎ ግን ግድብ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ከትራንስፎርመሩ እስከ ቆጣሪዎ ያለውን፣ ነፋስ የሚያወዛውዘውን፣ በእጅ የተጠመዘዘውን ሽቦ ነው።

ስለዚህ ከቤተሰቡ አንድ የሶኬት ኃላፊ ይሹሙ። ልጆች መብራት ሲመጣ «መጣ!» ብለው መጮህ ለምደዋል፤ ይህን ልማድ ትተው መብራት ሲሄድ ወደ ሶኬቱ መሮጥ ይልመዱ። መብራቱ ከተመለሰ በኋላ አምስት ደቂቃ ይጠበቅ። በሪሞት ማጥፋት ማጥፋት አይደለም፤ ቀይዋ መብራት እስካለች ድረስ የፓወር ቦርዱ ግማሽ ነቅቶ ነው የሚያድረው። ስታብላይዘር ገዝቻለሁ ብለውም አይኩራሩ። ርካሹ ስታብላይዘር የወረደውን ቮልት «ጣ፣ ጣ» እያለ ያነሣል እንጂ መብረቅን አይቀድምም። ቮልት ሲበዛም ሲያንስም የሚቆርጥና ቆይቶ የሚለቅ መከላከያ ይጨምሩበት።

ስለ መብረቅ ካነሣን ክረምቱ አለ። ነጎድጓድ ሲጀምር ጠንቃቃው ሰው ሶኬቱን ነቅሎ በኩራት ይቀመጣል። መብረቁ ግን በሶኬት ብቻ እንደሚገባ የነገረው የለም። ጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ዲሽ አለ፤ ያ ሁሉ ጣቢያ ወደ ኢትዮሳት ሲዛወር ጎረቤት ጣሪያ ላይ፣ እርስዎ ሳሎን ሆናችሁ «መጣ? ሄደ!» ስትባባሉ ያዞራችሁት። ከዲሹ ገመድ ወደ ሪሲቨሩ፣ ከሪሲቨሩ በኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥኑ ሜይን ቦርድ ጥርጊያ መንገድ ነው። ሁለቱንም ገመዶች ይንቀሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ነቅሎ መተው ደግሞ የበለጠ ያስተማምናል።

ብርሃኑንም ይቀንሱ። ሱቅ ውስጥ ዓይንዎን የማረከው ድምቀት ለሱቅ የተዘጋጀ ነው። ከስክሪኑ ጀርባ ያሉት የኤልኢዲ መብራቶች ተከታትለው የተቀጠሉ ናቸው፤ አንዷ ስትቃጠል መስመሯ በሙሉ ይጨልማል። ድምፅ ካለ፣ ሥዕል ከሌለ፣ ጨለማ ውስጥ የባትሪ መብራት ወደ ስክሪኑ ያብሩ፤ ጋዜጠኛው ደብዘዝ ብሎ ይታይዎታል። ዜናውን በዚህ ሁኔታ መከታተል ይቻላል፤ ባትሪ የሚይዝ ሰው ብቻ ይመድቡ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ከተበላሸ ወደ ጠጋኙ ይሂዱ። ቤቱን ያውቁታል፤ በር ላይ የተቆለሉ ስክሪኖች፣ ውስጥ የተፈቱ ቦርዶች፣ የሚጤስ የብየዳ ሽታ። ጠጋኙ ቴሌቪዥንዎን በቀጥታ አይሰካም። መጀመሪያ አምፖል በመሃል ያስገባል። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከፈዘዘ ተስፋ አለ፤ እንደበራ ከቀረ ውስጡ ሾርት ነው። ከዚያ ያበጠውን ካፓሲተር ነቅሎ፣ ከሌላ የሞተ ቴሌቪዥን ቦርድ ላይ ደህናውን ነቅሎ ይተክላል። በአገራችን የአካል ክፍል ልገሳ በስፋት የሚካሄደው እዚህ ቤት ነው። «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ሲጠይቅዎት «ዝም ብሎ ነው የጠፋው» አይበሉት። ሁሉም እንደዚያ ይሉታል።

ዋስትናውስ? ወረቀቱን ያንብቡ። ብዙዎቹ የዋስትና ወረቀቶች በኤሌክትሪክ መዋዠቅና በመብረቅ የደረሰ ጉዳትን አይሸፍኑም፤ እኛ አገር ቴሌቪዥን የሚሞተው ደግሞ በሌላ በሽታ እምብዛም ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ስለዚህ ደረሰኝ ይያዙ፤ ቴሌቪዥኑም ከተበላሸ በ15 ቀኑ ውስጥ እንዲበላሽ ያግባቡት።

እዚህ ላይ አንድ አዛውንት «የድሮ ዕቃ ጠንካራ ነበር» ማለታቸው አይቀርም። ምስክርም አያጡም፤ ከደብረ ታቦር አቅራቢያ ጋፋት ላይ ለዐፄ ቴዎድሮስ የተሠራው 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ፣ ያውም ያለ ስታብላይዘር። ስለ ቴሌቪዥን ግን ይታረሙ። በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ከተጀመረበት፣ በ1977 ዓ.ም. ቀለም ከገባበት ጊዜ የተረፉልንን ብቻ እያየን ነው የምናደንቀው፤ የሞቱትን ቁራሌው ወስዷቸዋል። ልዩነቱ ሌላ ነው። የድሮው ሲሞት ጠጋኙ በየት እንደሚገባበት ያውቅ ነበር፤ መለዋወጫውም ይገኝ ነበር። የዛሬው ሲሞት የሚነገርዎት «አዲስ ይግዙ» ነው።

እንግዲህ ምክሩን እንደምር። አመሻሽ ላይ አይክፈቱ፤ ምጣድ አለ። በክረምት አይክፈቱ፤ መብረቅ አለ። በበዓል ዋዜማ አይክፈቱ። መብራት እንደመጣ አይክፈቱ። የቀረው ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ በሥራ ቀን፣ ከጠዋቱ 4 እስከ 6 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት እርስዎ ሥራ ላይ ነዎት፤ ቴሌቪዥኑም ሳይነካ ይኖራል።

ለቀጣዩ ግዢዎ ግን ጠመንጃ መፍቻ የማይጠይቅ አንድ ምክር ልጨምር። ስለ ኢንቹ ከመጠየቅዎ በፊት «የዚህ ፓወር ቦርድ ብቻውን ስንት ይሸጣል? ከየት ይገኛል?» ብለው ይጠይቁ። ባለሱቁ ዋጋውን ከነገረዎት ቴሌቪዥን እየገዙ ነው። «እሱማ ብቻውን አይገኝም» ካለዎት እየተከራዩ ነው፤ ኪራዩንም በቅድሚያ ከፍለዋል፤ የሚያልቅበትን ቀን የሚወስነውም ካፓሲተሩ ነው።