«መጣሁ» በባሕር ላይ፦ የመጠፋፋት ጥናት

በዘመድ መካከል «ምነው ጠፋህ!» ማለት ግማሹ ናፍቆት፣ ግማሹ ወቀሳ ነው። በመዝናኛ መርከብ ላይ ግን ቃሉ ቃል በቃል ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረው «አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ» ርዝመቱ 365 ሜትር ገደማ፣ ፎቁ 20 ነው፤ ከ7,000 በላይ መንገደኛ ይይዛል። እኛ የተሳፈርንበት ከዚያ ያንሳል። ሰባት የቤተሰብ አባላትን ለመበተን ግን አላነሰም።

መርከቡ ከማያሚ እንደ ወጣ ስልክ ሁሉ «ኤርፕሌን ሞድ» ላይ ይደረጋል፤ የዘነጋ ሰው የሳተላይቱን ሂሳብ አገሩ ገብቶ ያየዋል። ዋይፋይ ለብቻው ይሸጣል። ቤተሰቡ ተመካክሮ «አንድ ከተገዛ ለሁላችን ይበቃል» ሲል ወሰነ። በውሳኔው መሠረት አንድ ሰው መልእክት መላክ ቻለ፤ የሚቀበለው አልነበረም። አጎቴ ያመጣው የሬዲዮ መነጋገሪያም በብረት ግድግዳ ተሸነፈ።

ብረቱ የሚክሰው በአንድ ነገር ነው፤ ማግኔት ይይዛል። ስለዚህ ማስታወሻ በካቢን በር ላይ ይለጠፋል። እናቴ «መጣሁ» ብላ ለጠፈች። ጥናቱ እዚህ ላይ ከባድ ሆነ። «መጣሁ» በሰዋስው ኃላፊ ጊዜ ነው፤ በኑሮ ግን የሚባለው ሲሄዱ ነው። ገና ከአልጋው ያልወረደ ሰውም በስልክ ይለዋል። ወረቀቱ ከቁርስ እስከ እራት በሩ ላይ ዋለ፤ ሐሰት ነው ለማለት የሚያስችል ማስረጃ አላገኘንም።

የባሰው ግን ሰዓት ነው። «በሦስት ሰዓት ቡፌው ጋ» ተባባልን። እናቴ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተገኘች። አሜሪካ የተወለደው የእህቴ ልጅ በፈረንጅ ሦስት ሰዓት፣ ማለትም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። ሁለቱም ሰዓት አክባሪ ነን ብለው ተኳረፉ። ወሩ ማያሚ የበጋ ሰዓት የምትጠቀምበት ነሐሴ ስለነበር ኮዙሜል ወደብ ወርደን ስልክ ስንከፍት ደግሞ ስልኩ ራሱን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰ፤ መርከቡ የማያሚን ሰዓት እንደያዘ ቆሟል። መርከብ እንደ አበሻ ሠርግ እንግዳ አይጠብቅም። ሮጠን ደረስን።

በመጨረሻው ማታ፣ አልጋው ራስጌ ያለው የካቢን ስልክ ከካቢን ወደ ካቢን በነጻ እንደሚደውል ተረዳን። እናቴ ካቢን ደወልኩ። አነሳች።

«እማዬ፣ የት ነሽ?» አልኳት።