ክንዴን አትጫሩኝ

በዚህ ዕድሜዬ ዋና ተመልከት ብለው ሮም ወሰዱኝ። ዋናው ግን ድንጋይ ላይ ነው። «አባባ፣ ጎንበስ ብለህ እይ እንጂ!» ትለኛለች የልጅ ልጄ። «አንተ» ማለቷን ትቼዋለሁ። መጎንበሱንስ ልጎንበስ፤ ቀና የሚያደርገኝ ማን ነው?

ቦታው ፎሮ ኢታሊኮ ነው፣ የኦሊምፒክ ስታዲየሙ ደጅ። መሬቱ ጥፍር በሚያካክል ጥቁርና ነጭ ጠጠር ተለብጧል። ስፖርተኛው ሁሉ መለመላውን ነው፤ ልጅ ይዤ ወዴት ልይ? ክቡን ፏፏቴ የከበበው የጁሊዮ ሮሶ ሞዛይክ ይሻላል፤ እዚያ ዓሣውም የባሕር ፈረሱም ማዕበሉ ውስጥ ይቦርቃል። የጥንት ሮማውያን በኦስቲያ የመታጠቢያ ቤታቸውን ወለል እንዲህ በጥቁርና በነጭ ያስጌጡ ነበር። የሙሶሊኒ ዘመን ሠዓሊዎችም በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ከዚያው ቀዱ።

በእኛ ጊዜ ዋና ጥበብ አልነበረም፤ ወንጀል ነበር። ቀበና ወንዝ ስንቦጫረቅ ውዬ፣ ፀሐይ ላይ ደርቄ፣ መልአክ መስዬ ቤት ስገባ እናቴ ምንም አትጠይቀኝም። ክንዴን በጥፍሯ ጫር ታደርጋለች። ነጭ መስመር ከወጣ አለቀልኝ፤ አርጩሜው ከበሩ ጀርባ ነው። የእኔ ሞዛይክ ያ ነበር፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ነጭ መስመር።

እዚህ ደግሞ የዋኘው ሁሉ ሳይገረፍ ዘጠና ዓመት ገደማ ሆኖታል። በዚህ ስቀና ከጠጠሩ መሐል «ዱቼ፣ ዱቼ» የሚል የሙሶሊኒ ማዕረግ አነበብሁ። ወረድ ብለው በተደረደሩት የእብነ በረድ ድንጋዮች ላይ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያኖቹ አገሬን ይዘው «ኢምፓየር ሆንን» ያሉበት ቀን ተቀርጿል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይሏል ይኼ ነው!

ተናድጄ «ዱቼ» ላይ ወጥቼ ቆምሁ። ወይ አለመታደል! ለካ ኳስ ተመልካቹ ስታዲየም ሲገባ ይረግጠዋል፤ ጎረምሳው በስኬትቦርድ ይፍቀዋል። በቀሉ ላይ እንኳ ወረፋ አለ።

ዝናቡ መጣ። ጃንጥላ የረሳሁት እኔ ነኝ ተባለ። ጠጠሩ ሲርስ ጥቁሩ ይበልጥ ጠቆረ፣ ነጩ አበራ፤ ዓሦቹ የሚላወሱ መሰለኝ። ጫማዬ ቢያዳልጠኝ አወለቅሁት።

«አባባ፣ ሰው ያየናል!»

«አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ዕለት በዚሁ ከተማ ባዶ እግሩን ማራቶን ሲያሸንፍ ያላየ ሰው አለ?»

መልስ አጣች፤ የራሷንም ጫማ አወለቀች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልናገርም። ብቻ ዓሦቹ ላይ የተኛው ውሃ ቁርጭምጭሚት ይደርስ ነበር፤ እሷ ረጨችኝ፣ እኔም አልተኛሁላትም።

ማታ ቤት ስንገባ ልጄ ሱሪዬን አየችና «አባዬ፣ የት ዋላችሁ?» አለችኝ።

ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሰውዬ ክንዴን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ።