የመኖ ቤቱ «ዶክተር»

መሸንቲ ላይ መኖ ቤት የተቀጠረ ሰው ብዙም ሳይቆይ «ዶክተር» ይባላል። ኮሌጅ የነፈገውን ማዕረግ ፉርሽካ ይሰጠዋል፤ ነጭ ጋወኑም ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው የለበሰው ብናኝ ነው።

«ዶክተር፣ ላሚቱ ወተት ቀነሰችብኝ፤ ምን ልስጣት?»

«ፋጉሎ።»

«ከሱ ሌላስ?»

«ሌላ» ማለት «ርካሽ» ማለት እንደሆነ ሐኪማችን አያጣውም። ባለላሙ የፋጉሎውን ስባሪ አንስተው ያሸታሉ፤ ነከስ አድርገው ያኝኩና «ኑጉስ ደህና ነው፤ ዋጋው ነው የሚያንቅ» ብለው ይመልሱታል። ላሚቱን የጠየቃት የለም።

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ባለዶሮው በርክቷል። ዶሮ ማርባት ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ሲወራ ቀላል ነው፤ ባንኮኒው ጋ ሲደርሱ ነው ሒሳቡ የሚመጣው። የእንቁላል ጫጩት 5 ወር ገደማ በነፃ ትቀለባለች፤ መጣል ስትጀምር በቀን 110 ግራም ያህል ትፈልጋለች። 100 ዶሮ ላለው ሰው ግማሽ ኩንታል መኖ ከ4 ቀን ብዙም አያልፍም። ይህን የሰማ ደንበኛ ሻጩን ይገላምጠዋል፤ ዶሮዎቹን ሆዳም አድርጎ የፈጠራቸው እሱ ይመስል!

አንዱ ባለመኪና ከባሕር ዳር መጥቶ «የውሻ ምግብ አላችሁ?» ቢል፣ በር ላይ የተቀመጡት አባት «እኛ ሳንጠግብ?» አሉት።

ለማንኛውም፣ ምክሩ በነፃ ነው። የዱቤ ደብተሩ ግን ስለሞላ እባካችሁ ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ ኑ።