ሌባ ጣት ሥራ ሲያገኝ

የሞቶክሮስ ሞተር መሪ የሚያዘው በዐሥር ጣት ቢሆንም ሁለቱ ከመጨበጫው ወጥተው ሌቨር ላይ ይውላሉ፦ የቀኙ ሌባ ጣት በፊት ፍሬን፣ የግራው በፍሪሲዮን። ስምንቱ መሪውን አይለቁም፤ ድንጋይና ጉድጓድ ሲያላጋው የሚይዘው ያስፈልጋልና።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የፊት ፍሬን በሽቦ የሚሳብ ከበሮ በነበረበት ዘመን ጣቶች ተባብረውም ሞተሩ የሚቆመው ደስ ሲለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዘይት ግፊት የሚሠራው ዲስክ ፍሬን ሲስፋፋ አንድ ጣት በቃ፤ የተመረጠውም ሌባው ሆነ። አማርኛ ይህን ጣት ምን ሰርቆ ሌባ እንዳለው የክስ መዝገብ የለም። ሌባ የሚጠቁመው እሱ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ እንዲያ ከሆነ ምስክሩ በተከሳሹ ስም ሲጠራ ኖሯል። አመልካች የሚል የጨዋ ስም ቢኖረውም ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ ብዙ አይጠራበትም። ሌሎቹስ ቢታጩ? አውራ ጣት በስሙ ኮርቶ ከመጨበጫው ሥር ተጠቅልሏል፤ የቀለበት ጣት ባለትዳር ነው፤ ትንሿ አቅም የላትም። ስለዚህ በየመታጠፊያው ነፍስ ለሌባ በአደራ ትሰጣለች።

ሌባው እንዲሠራ ሌቨሩ ወደ እሱ መምጣት አለበት። መሪውን የሚያቅፈው የሌቨሩ ማሰሪያ ወደ መሃል ይገፋል፤ ጣቱ የሌቨሩ ጫፍ ላይ ሲያርፍ በትንሽ ጉልበት ብዙ ይይዛልና። ሲሳብ የቀሩትን ሦስት ጣቶች እንዳይጨፈልቅ ርቀቱ በትንሿ ብሎን ይስተካከላል። ዝንባሌው የሚለካው ነጂው መርገጫው ላይ ቆሞ፣ ክንዱና እጁ አንድ መስመር ሲሆኑ ነው። ተቀምጦ የተለካ ሌቨር ሲቆሙበት አንጓን ያጣምማል።

በማሰሪያው ብሎን ግን ቀልድ የለም። የሚጠብቀው ሌቨሩ ሲሳብ እንዳይንሸራተት ያህል ብቻ ነው፤ ሞተሩ ሲወድቅ (መውደቁ አይቀርም) ዞር ብሎ እንዲተርፍ። መፍቻ የጨበጠ ጉልበተኛ ግን ብሎኑን እስኪያቃስት ይጠመዝዘዋል። «እንዳይላላ ነው» ይላል። በመጀመሪያው ውድቀት ሌቨሩ ተሰብሮ ነጂው ሞተሩን እየገፋ ሲመለስ ደግሞ «ዕቃ ድሮ ቀረ!» ይላል። ዕቃው ምን አደረገ? እንዲዞር ተሠራ፣ እንዳይዞር ታነቀ። ማጥበቅን ሙያ ያደረገው ማን ነው?

ብልሆቹ ከማሰሪያው ሥር የቧንቧ ሠራተኛ ነጭ ቴፍሎን ይጠቀልላሉ። ቧንቧ ላይ ውሃ እንዳያልፍ የሚከለክለው ቴፕ እዚህ ብረትን ያሳልፋል። የቤቱ ቧንቧ ማንጠባጠብ ሲጀምር ታዲያ ቴፑ ከሳጥኑ የለም። ማን ወሰደው ሲባል ዐሥሩም ጣቶች ጓንት ውስጥ ናቸው።