ስልኩስ ተናገረ፤ አንተስ?

«በስልክ ዘመን ተማሪን ማስመሪያ አስይዞ ካርታ ማስለካት ጊዜ ማባከን ነው» አሉኝ አንድ የተማሪ አባት። ጋሼ፣ ስልኩ የነገረዎትን ሰምተዋል፤ ልክ መናገሩን በምን አወቁ? ልጅዎ ከአዲስ አበባ አዳማ ስንት ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚሆን መገመት ካልቻለ፣ 80 ቢሉትም ያምናል፣ 800 ቢሉትም ያምናል። ደግሞስ በስልክዎ ካርታ ጥግ ላይ ያለችው፣ ባሰፉና ባጠበቡ ቁጥር የምትለዋወጠው ትንሽ መስመር ምን ትመስልዎታለች? እሷም ስኬል ናት።

«አስላሁት፤ አዳማ 8,000 ኪሎ ሜትር መጣ» አለ ተማሪው። ከየት መጣ? ዓባይ እንኳ ከሩቁ ምንጭ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር 6,650 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው! ማባዛቱ ልክ ነበር። በ1፡2,000,000 ካርታ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ለክቶ 8,000,000 ሴንቲ ሜትር አገኘ። ከዚያ ለ1,000 አካፈለ፤ አንድ ኪሎ ሜትር ግን 100,000 ሴንቲ ሜትር ነው። መልሱ 80 ነው። አስቀድሞ «በዚህ ካርታ አንድ ሴንቲ ሜትር 20 ኪሎ ሜትር ነው» ብሎ ቢነሳ ኖሮ፣ 8,000 የሚለውን ገና ሳይጽፈው ይጠረጥረው ነበር።

«1፡2,000,000 ትልቅ ስኬል ነው፤ ቁጥሩን አታይም?» ያለውም አለ። ቁጥሩን ተውና ካርታውን እይ። አንድ ኪሎ ሜትር በ1፡50,000 ካርታ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በአንተው ካርታ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። የቱ አተለቀው?

ሾፌሩ ደግሞ ተቆጣ፦ «ከአዲስ አበባ ደሴ 250 ኪሎ ሜትር ነው ብላችሁ ታስተምራላችሁ? እኔ የምነዳው 400 ነው!» ወንድሜ፣ ማስመሪያ ጣርማ በርን አይወጣም፣ ደብረ ሲናንም አይወርድም። አንተ ግን ትወጣለህ፣ ትወርዳለህ። 250 ገደማው የቀጥታው ነው፤ 400 ገደማው የመንገዱ። ጎሃ ጽዮንንና ደጀንን ውሰድ። በዚያው በ1፡2,000,000 ካርታ በመካከላቸው ያለው ከ1 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው፤ በቀጥታ ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። መንገዱ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ሽቅብ ሲወጣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልኩን አስለክቶ «ለምን እጥፍ ሆነ?» ብሎ የማይጠይቅ መምህር ያስተማረው ሒሳብ እንጂ ጂኦግራፊ አይደለም።

«እንግዲያው መንገዱን በክር ተከትለን እንለካዋለን።» ለኩት፣ ደግ ሐሳብ ነው። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ካርታ ላይ ሠዓሊው እያንዳንዱን መጠምዘዣ መሳል ስለማይችል መንገዱን አቃንቶታል፤ ስለዚህ ክሩም ቢሆን አሳንሶ ይነግራችኋል። ቀጥታው ልክ የዝቅታው ወሰን ነው፤ መንገዱ ከዚያ ይበልጣል እንጂ አያንስም።

አንድ መምህርም «ካርታው ፎቶ ኮፒ ቢሆንም ስኬሉ በደንብ ይነበባል» ብለው አጽናኑኝ። የትኛው ስኬል፣ መምህር? ኮፒው በግማሽ ካነሰ አዳማ 2 ሴንቲ ሜትር ላይ ትመጣለች፤ በቁጥር የተጻፈው ግን እንደ ነበረ 1፡2,000,000 ይላል። ተማሪው ታዞ ያባዛል፣ 40 ኪሎ ሜትር ያገኛል፣ እርስዎም ኤክስ ያደርጉበታል። ጥፋቱ የማን ነው? በመስመር የተሳለው ስኬል ከካርታው ጋር አብሮ ስለሚያንስ አይዋሽም። ለፈተና ካርታ የምታባዙ ሁሉ መስመሩን ቆርጣችሁ አታስቀሩ።

«ማስመሪያ የሌለውስ?» የደብተር ወረቀት ጠርዝ አለው። ሁለቱን ከተሞች በጠርዙ ላይ ምልክት ያድርግ፣ ወረቀቱን ወስዶ በመስመሩ ስኬል ላይ ያስተኛው፣ ያንብብ።

እናንተ የጂኦግራፊ መምህራን፣ በሚቀጥለው የቤት ሥራ ላይ ከ«አስላ» በፊት «መጀመሪያ ገምት፣ ግምትህንም ጻፍ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩልን።