በገዛ ቤታችን አስተርጓሚ አማረን

አሁንስ ሰለቸን። ልጆቻችን አዲስ አበባ ከርመው ለእረፍት ወደ አሊዩ አምባ ሲመለሱ፣ ከእናታቸው ጋር ለማውራት አስተርጓሚ ሊያስፈልጋቸው ምንም አልቀረም። ባለፈው የእህቴ ልጅ ፊቱን ቋጥሮ ገባና «ሙድ ያዙብኝ» አለ። እናቱ ክው ብላ «ምንህን ነው የያዙብህ? ማነው የያዘብህ?» ትላለች። ቀለዱብኝ ማለቱ ነው። ቀለዱብኝ ቢል ምን ይጎድልበት ነበር? ገንዘብ «ጨላ»፣ ገንዘብ ያጣው «ችስታ»፣ ብዙው «ነፍ»፣ ጓደኛ «ጀለስ»። «ላሽ በል» ደግሞ አንዳንዴ ሂድልኝ፣ አንዳንዴ ተወው ነው፤ ለይተን እስክንይዘው ቃሉ አርጅቶ ሌላ ይተካል።

እኔን ያንገበገበኝ ግን «ጀማ» ነው። በእኛ አገር ጀመዓ ሰው ለሶላትና ለዱዓ የሚሰበሰብበት ነው። ልጁ «ጀማው እየጠበቀኝ ነው» ብሎ ሲነሳ አያቱ ደስ ብሏቸው መርቀው ሸኙት። ጀማው የበርጫ ጓደኞቹ ነበሩ። ይህን ለሽማግሌው ማን ደፍሮ ይንገራቸው?

እንግዳ ቋንቋ ብርቅ ሆኖብን አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ የሚነሳው ቅፍለት መድረሻው ይህችው የአሊዩ አምባ ገበያ ነበረች፤ አፋሩ፣ ሐረሪው፣ አርጎባው፣ አማራው እዚሁ ተገበያይቷል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተንም እ.ኤ.አ. በ1842 መጥቶ እዚሁ ቤት ይዞ ተቀምጧል። የአገራችን ነጋዴም ቢሆን ሌላ ሰው የማይሰማው የምስጢር ንግግር ነበረው፤ ቮልፍ ሌስላው የነጋዴውንም የአዝማሪውንም ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1964 በመጽሐፍ አውጥቶታል። ያ ግን የሥራ ነው፤ እንጀራ ይበላበታል። የወለደች እናት እንዳትሰማ ተብሎ የተፈጠረ አይደለም።

«ፋራ» የሚሉትስ? አራዳ የአዲስ አበባ ሰፈር ስም ነው፤ ዛሬ የነቃ፣ የገባው ሰው ማለት ሆኗል። ያላወቀበት ሁሉ ፋራ ነው። ማሾውን በአህያ ጭኖ ገበያ የወጣ ጎረቤታችንን አንድ የመኪና ረዳት፣ የልጅ ልጁ የሚሆን፣ «ይሄ ፋራ» ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። ጎረቤቴ ትርጉሙን ጠየቀኝ። ዋሸሁት።

እዚሁ ቀዬ ይነገር የነበረው አርጎብኛ በአማርኛ ተውጦ፣ አፉን የፈታበት ሰው በአብዛኛው የሚገኘው ወሎ ውስጥ እንደ ሾንቄ ባሉ ጥቂት መንደሮች ነው። ከልጆቻችን አንዱም «እስቲ የአያቶቼን አስተምሩኝ» ብሎን አያውቅም። የአራዳውን ግን በአንድ ክረምት አጥርተው ይመጣሉ።

ሽማግሌው አሁንም ልጁ ስልክ ሲደውል «ጀመዓዎቹ ደህና ናቸው?» ይሉታል። «ሰላም ናቸው ፋዘር» ይላቸዋል። እሳቸውም አልሐምዱሊላህ ብለው ስልኩን ለእናቱ ያቀብላሉ።